«ሸረሪት ሸንቶብኝ ነው» ብላችሁ ቤት እንዳትቀመጡ



ሰሞኑን እስራኤል፣ ኤላት የምትኖር እህታችን በውስጥ መስመር ሁለት ፎቶ ላከችልኝ። አንዱ ከኢንተርኔት ያገኘችው የዚያ አካባቢ ትልቅ የበረሃ ሸረሪት ነው። ሌላኛው የራሷ ጎን ነው፤ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጥቶበታል። «ዶክተር፣ ተኝቼ ይሄ ሸንቶብኝ ይሆን?» አለችኝ።

መጀመሪያ ስለ ሸረሪቱ ልንገራችሁ። ሴርባለስ አራቫኤንሲስ ይባላል። ከኤላት በስተሰሜን፣ አራቫ በረሃ ውስጥ ባለው የሳማር አሸዋ ይኖራል። የሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ይፋ አድርገውታል። እግሮቹ ሲዘረጉ እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ይደርሳሉ፤ ያስደነግጣል፣ አልዋሻችሁም! ግን ቤቱ አሸዋው ነው እንጂ አልጋችሁ አይደለም። ጉድጓድ ይቆፍርና የአሸዋ ቅንጣት አጣብቆ መዝጊያ ይሠራለታል። ቀን እዚያ ተደብቆ ይውልና ማታ ለአደን ይወጣል።

እንደውም የተጎዳው እሱ ነው። ድሮ 7 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው የሳማር አሸዋ በእርሻና በአሸዋ ቁፋሮ ምክንያት ያኔ ከ3 በታች ወርዶ ነበር።

ወደ ሽፍታው እንመለስ። የሸረሪት ሽንት፣ የዚህም ሆነ የቤታችን ሸረሪት፣ እንዲህ ዓይነት ቁስል አያወጣም። የእህታችን ሽፍታ በአንድ ጎን ብቻ፣ ከጀርባ ወደ ሆድ እንደ ቀበቶ የዞረ ነበር። ከመውጣቱ በፊትም ቦታው ያቃጥላት ነበር። ይሄ የአልማዝ ባለጭራ ምልክት ነው። የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ልጅ እያለን ጉድፍ (ቺክንፖክስ) ያስያዘን ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ሲነሳ ማለት ነው።

ለምን አጠነክረዋለሁ? መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። «ሸረሪት ነው» ብለን ቅጠል ስንቀባ ያ ጊዜ ያልፋል። ከዚያ ቁስሉ ድኖም ሕመሙ ለወራት ሊቆይ ይችላል።

👉 ሽፍታው ዓይን አካባቢ ወይም አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ወይም የበሽታ መከላከል አቅማችሁ የተዳከመ ከሆነ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ።

እህታችንን «ፎቶ አይበቃም፣ አሁኑኑ ተነሺ» አልኳት። በሁለተኛው ቀን መድኃኒቷን ጀመረች።

ሸረሪቱን ተዉት፣ አሸዋው ውስጥ ይኑር። እናንተ ግን ሰዓታችሁን ቁጠሩ።

መልካም ጤና!