የዘፈን ወዳጅና የመጽሔት ማውጫ

ዘፈን ወዳድ ወጣት መጽሔት ሲያነሣ አስቀድሞ የሚመለከተው ማውጫውን ነው፤ በማውጫውም የሚፈልገው የዘፋኝ ስም ነው። ይህን ልማድ ያስተማረው ካሴት ይመስለናል። አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ ሪከርድስን ባቋቋመ ጊዜ ትንሹ ሸክላ በየፊቱ አንድ ዘፈን ብቻ ይይዝ ስለ ነበር ዝርዝር አላሻውም። ካሴት ሲመጣ ግን ዘፈኑ በዛ፤ የሽፋኑም ወረቀት ማውጫ ሆነ። የዘፋኙ ስም ከፎቶግራፉ ጋር በትልቁ፣ ዘፈኖቹ በተራ ቁጥር በትንንሹ ይጻፉ ነበር። በደሴ መንገድ ሸዋ ሮቢት ላይ አውቶቡስ ጥቂት ሲቆም ካሴት ለሚገዛ ሰው ሁሉን አድምጦ መምረጫ ጊዜ የለውምና ወረቀቱ ይበቃው ነበር።

የእኛ መጽሔት በስቴንስል ስለሚባዛ ፎቶግራፍ የለውም፤ ያለን የፊደል መጠንና ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ይህንንም አልተጠቀምንበትም። በማውጫችን «ኪነ ጥበብ» ብለን ብቻ እናልፋለን። ከሥሩ ስለ ይፋት ቆላ የሠርግ ዘፈን የሚያስረዳ ጽሑፍ ቢኖር ማን ያውቃል? የሸዋ ሮቢት ልጅ የአገሩን ስም ቢያይ ግን ገጹን መግለጡ አይቀርም።

ማታለል ደግሞ አይገባም። ስመ ጥር ዘፋኝ በማውጫው ተጠርቶ ውስጡ ሁለት መስመር ብቻ ከተገኘ አንባቢው ዳግመኛ አያምነንም። ለሚቀጥለው እትም የክፍሉን ስም በትንሹ፣ የጽሑፉን ርእስ በብረት ብዕር ተለቅ አድርገን እንድንጽፍ ለአዘጋጆቹ እናሳስባለን።