«50 ነው የምነዳው!» ያለው ልጅ በ80 እየበረረ ነበር

እናንተዬ! የአሮጌ ሞተር ሳይክል ፍቅር የያዘው ብቻ ነው የሚያውቀው። የሠፈራችንን አንድ ልጅ ይኸው ፍቅር ለክፎታል። ከአያቱ የወረሳት፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠራች የእንግሊዝ ትሪምፍ አለችው። ቀለም አስቀባት፣ ቸርኬዋን አስወለወለ፣ ወንበሯን አሰፋላት። የቀረችው የፍጥነት ቆጣሪዋ ብቻ ነበረች። መስተዋቱ ተሰብሮ ሆዱ ስለዛገ ቀስቱ ከዜሮ አልነሳ አለ።

ለንደን ያለች የአክስቱ ልጅ ካሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ቆጣሪ ገዝታ ላከችለት። ገጠመው፤ ልክክ አለ! እጮኛውን ከኋላ አፈናጦ ከከተማ ወጣ። መንገድ ላይ «ኧረ ቀስ በል!» ብትለው፣ «ምን ሆነሻል? 50 እኮ ነው የምነዳው!» አላት። ኩርባው ላይ ሲደርስ ሞተሯ አልታጠፍ ብላ ከአስፋልት ወጣችና አፈር ላይ ጣለቻቸው። እግዜር ሲያወጣ ከጉልበት መላላጥ አላለፈም።

ምን ሆኖ መሰላችሁ? ቆጣሪው ላይ «ኤም ፒ ኤች» የሚል ጽሑፍ አለ። እሱ የፋብሪካው ስም መስሎታል! ለካ «ማይል በሰዓት» ማለት ኖሯል። አንድ ማይል ደግሞ 1.6 ኪሎ ሜትር ነው። ቀስቱ 50 ሲል እሱ በ80 ይከንፍ ነበር።

ሁለተኛው ጉድ

«ፋራ አትሁን፣ በኪሎ ሜትር የሚቆጥረውን ፈልግ» አሉት ጓደኞቹ። ከጃፓን ሞተር የተነቀለ አገኘ። የካቦውን ጫፍ አስሞርዶ ገጠመው። አሁንስ ዳነ? አልዳነም! ቀስቱ 50 ሲል እውነተኛው ፍጥነት 70 ነበር። ይህን ለማወቅ የቆጣሪውን ሆድ ማየት ያስፈልጋል።

ከጎማው ወይም ከካምቢዮው የሚነሳ ካቦ ቆጣሪው ውስጥ ያለውን ማግኔት ያሽከረክራል። ማግኔቱ ስኒ የመሰለች የአሉሚኒየም ቁራጭ ሳይነካ ይጎትታል፤ ቀጭን ሞላ ደግሞ ወደኋላ ይይዛታል። ሁለቱ ሲጓተቱ ቀስቱ መሐል ላይ ይቆማል። አንድ ጀርመናዊ ይህን ፈጠራ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። እንግዲህ ልብ በሉ! ቆጣሪ ጎማ አያውቅም፤ የሚያውቀው የካቦ ዙር ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ፊቱ ላይ በደቃቅ ቁጥር 1000፣ 1400 ወይም 1600 የሚጻፈው። በኪሎ ሜትር በሚቆጥረው ላይ 1000 ማለት፣ አንድ ኪሎ ሜትር ሲኬድ ካቦው 1000 ጊዜ መዞር አለበት ማለት ነው። ማይል ከሆነ በማይል ይሰላል። ስለዚህ የእንግሊዙ «1600 በማይል» እና «1000 በኪሎ ሜትር» ወንድማማች ናቸው። የጃፓኑ ግን 1400 ይጠብቃል። የልጃችን ሞተር የምትሰጠው 1000 ብቻ ስለሆነ ቆጣሪው አሳንሶ ዋሸው።

ፊቱን አንብቡ

በእንግሊዝ ሞተሮች ላይ የሚበዛው ስሚዝስ ነው፤ በጣልያኖቹ ቬሊያ፣ በጀርመኖቹ ደግሞ ቪ ዲ ኦ። ስሚዝስ ላይ ኮዱ በ«ኤስ ኤስ ኤም» ከጀመረ ባለ ማግኔቱ ነው። በ«ኤስ ሲ» የሚጀምረው ደግሞ የሰዓት ዘመድ ነው፦ ዙሩን ለአጭር ጊዜ ይቆጥራል፣ ያሳያል፣ እንደገና ይቆጥራል። ቀስቱ እንደ ደረጃ ዘለል ዘለል ቢል ጤናው ነው፤ «ተበላሸ» ብላችሁ እንዳትፈቱት! በ«አር» የሚጀምር ከሆነ ግን ወደ ሻጩ መልሱት፤ መልኩ ቢመሳሰልም እሱ የሞተር ዙር እንጂ ፍጥነት አይቆጥርም።

ቪ ዲ ኦ ላይ «ደብልዩ» ከሚለው ፊደል አጠገብ ያለው ቁጥር ካቦው በአንድ ሜትር ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይነግራችኋል። 1.0 ማለት በኪሎ ሜትር 1000 ዙር ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ቁጠሩ

ልጃችንን ከጭንቅ ያወጡት አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ሜትርና ቁራጭ ወረቀት ብቻ ነው የያዙት። ልጁን ሞተሯ ላይ አስቀምጠው (ክብደት ጎማውን ትንሽ ስለሚጨፈልቀው ነው) ጎማው አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር መሬት ላይ ለኩ፦ 2 ሜትር። ስለዚህ በኪሎ ሜትር 500 ዙር ማለት ነው። ካቦውን ከቆጣሪው ነቅለው ጫፉ ላይ ወረቀቷን እንደ ባንዲራ ለጠፉና ሞተሯን ገፉ። ጎማው 10 ጊዜ ሲዞር ባንዲራዋ 20 ዞረች። ለአንድ የጎማ ዙር ሁለት መሆኑ ነው። 500 በ2 ሲባዛ 1000! «በል ልጄ፣ 1000 የተጻፈበትን የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ፈልግ» አሉት። በቃ!

ሲገጠም ደግሞ

ካቦው እንደ ቀስተ ደመና ይጉበጥ እንጂ እንደ ክርን አይታጠፍ። የታጠፈ ወይም የደረቀ ካቦ ቀስቱን ያወዛውዘዋል። ግራሶ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፤ ወደ ቆጣሪው የሚገባውን የላይኛውን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ግን ደረቁን ተዉት፤ ግራሶው ሽቅብ ወጥቶ ሆዱን ያበላሻል። የውስጡ ሽቦ ረዝሞ ቆጣሪውን ከገፋው በግድ አታጥብቁት። ከሥሩ የጎማ ትራስ አይጥፋ፤ የአሮጌ ሞተር ንዝረት ቆጣሪ ይገድላል። በመጨረሻም ከኋላ የተፈናጠጠ ሰው በስልኩ ጂፒኤስ ያመሳክርላችሁ። ነጂው ግን ስልክ አይንካ!

አንድ የአደራ ቃል፦ ቆጣሪ ስትቀይሩ የአሮጌውን ኪሎ ሜትር ጻፉና አስቀምጡ። ሞተሯን የሸጣችሁ ዕለት ለገዢው ንገሩት። አዲሱ ቁጥር የእሷ ዕድሜ አይደለምና።

ልጃችንስ? ትክክለኛውን አግኝቶ ገጥሟል። እጮኛው ግን አሁንም ከኋላ ሆና ቆጣሪውን አጮልቃ ታያለች አሉ። ምን ታድርግ? እሷ የምታምነው ቆጥራ ነው!