የየቲሞች መዝገብ በኮምፒውተር፦ ሰንጠረዦችን ማዛመድና ቅጽ ማዘጋጀት

የቲሞችን የሚረዳ ማኅበር ሁሉ መዝገብ አለው። መዝገቡ በብዙ ስፍራ በደብተር ተጀምሮ ኋላ ወደ ኮምፒውተር ሲሻገር አንድ ረጅም ሰንጠረዥ ይሆናል። በእያንዳንዱ ረድፍ የልጁ ስም፣ የአባቱ ሞት ዓመት፣ የአሳዳጊው ስምና ስልክ፣ የረጂው ስም፣ የየወሩ ክፍያ ጎን ለጎን ይሰፍራሉ። ልጆቹ 20 ሳሉ ይህ አያስቸግርም፤ 200 ሲሞሉ ግን ችግሩ ይገለጣል። የአንድ አባት 4 ልጆች በ4 ረድፍ ሲጻፉ የአባታቸው ሞት በአንዱ ላይ 2011፣ በሌላው ላይ 2012 ዓ.ም. ሆኖ ይገኛል። ዘጌ የምትኖር እናት ስልኳን ስትቀይር ቁጥሩ በ2 ረድፍ ይታረማል፣ በ2ቱ ይረሳል። በክፍያ ቀን ጥሪው ወደ አሮጌው ቁጥር ይሄድና ጀልባ ተሳፍረው ባሕር ዳር መድረስ የነበረባቸው ልጆች ሳይጠሩ ይቀራሉ።

ይህን የሚያስቀረውን አሠራር መሠረቱን የጣለው ኤድጋር ኮድ የተባለ በእንግሊዝ የተወለደ ተመራማሪ ነው። በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ፣ መረጃ በልዩ ልዩ ሰንጠረዦች ተከፍሎ እንዲቀመጥና ሰንጠረዦቹም በውስጣቸው በሚጻፉ መለያዎች እንዲዛመዱ ሐሳብ አቀረበ። ማይክሮሶፍት አክሰስም ሆነ በነጻ የሚገኘው ሊብሬኦፊስ ቤዝ የቆሙት በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

ደንቡ አንድ ነገር አንድ ቦታ ብቻ ይጻፍ የሚል ነው። ስለ አባት የሚነገረው በአባቶች ሰንጠረዥ፣ ስለ ልጅ የሚነገረው በልጆች ሰንጠረዥ፣ ስለ አሳዳጊ የሚነገረው በአሳዳጊዎች ሰንጠረዥ ይሰፍራል። እያንዳንዱ ረድፍ የማይደገም ቁጥር አለው፤ ይህ ዋና መለያ ይባላል። በልጁ ረድፍ ላይ የአባቱን ዝርዝር ከመድገም ይልቅ የአባቱን መለያ ቁጥር እንጽፋለን። አንድ አባት ብዙ ልጆች ሊኖሩት ስለሚችል ይህ ዝምድና «አንድ ለብዙ» ይባላል።

ስም ራሱ ለምን መለያ አይሆንም? በአገራችን የቤተሰብ ስም የለም። ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፤ እናትም ካገባች በኋላ በአባቷ ስም ትቀጥላለች። ስለዚህ ከልጁ ስም ተነሥቶ እናቱን ማግኘት አይቻልም። አሕመድ ሙሐመድ የሚባሉ ልጆች በአንድ ሰፈር 3 ቢገኙም አያስደንቅም። በዚያ ላይ ፊደላችን አለ፦ ሙሐመድ፣ ሙሀመድ፣ መሐመድ፣ መሃመድ ለእኛ አንድ ስም ሲሆን ለኮምፒውተሩ 4 ልዩ ልዩ ስሞች ናቸው። ሐ እና ሀ፣ ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ በንባብ አንድ ቢሆኑም በዩኒኮድ ለእያንዳንዳቸው የተለየ ቁጥር ተሰጥቷቸዋልና። የፋይዳ ቁጥርም ቢሆን ሁሉም ልጅ ስለማይኖረው በተጨማሪነት ይመዝገብ እንጂ ዋና መለያ አይሁን።

አባትና አሳዳጊን በአንድ «ቤተሰብ» ሰንጠረዥ መጠቅለል የሚያምራቸው አሉ፤ እኛ አንመክርም። አባታቸው አንድ፣ እናታቸው ሁለት የሆኑ ልጆች ይኖራሉ። ከእናቱ ወደ አጎቱ፣ ከአጎቱ ወደ አያቱ የሚዛወር ልጅም ብዙ ነው። ለዚህ በልጁና በአሳዳጊው መካከል አገናኝ ሰንጠረዥ ይሠራል፦ የልጁ መለያ፣ የአሳዳጊው መለያ፣ የተረከበበት ቀን፣ ያበቃበት ቀን። ከሁለት ዓመት በፊት ገንዘቡን ማን ፈርሞ እንደተቀበለ ሲጠየቅ መልሱ የሚገኘው ከዚሁ ነው። የረጂዎችና የልጆች ዝምድናም «ብዙ ለብዙ» በመሆኑ በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል።

ዝምድናው ሲመሠረት ፕሮግራሙ እንዲጠብቀው ማዘዝ ይገባል፤ ያን ጊዜ በመዝገቡ ለሌለ ልጅ ክፍያ መጻፍ አይቻልም። ከዚሁ ጋር የሚቀርበውን «ተዛማጆቹም አብረው ይሰረዙ» የሚለውን ምርጫ ግን አትንኩት። አንድ ልጅ ሲሰረዝ የክፍያ ታሪኩ በሙሉ አብሮ ይጠፋል። እርዳታው የተቋረጠ ልጅ አይሰረዝም፤ የተቋረጠበት ቀንና ምክንያት ይጻፍለታል።

የቀን ጉዳይ ጥንቃቄ ይሻል። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጆችን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30ን 30/2 ብለን ብንጽፍ የካቲታቸው 30 ቀን ስለሌለው አይቀበለንም። ይህስ ደግ ነው፤ ቢያንስ ስሕተቱን ነግሮናል። ጳጉሜን 5ን 5/13 ብለን ስንጽፍ ግን 13ኛ ወር ስለማያውቅ አክሰስ ቀኑንና ወሩን ገልብጦ «ሜይ 13» አድርጎ በዝምታ ይቀበላል። ከሁሉ የከፋው የዕድሜ ስሌት ነው። በእኛ ዓመተ ምሕረት የተጻፈውን እንደ ፈረንጅ ዓመት ስለሚቆጥር በልጁ ላይ 7 ወይም 8 ዓመት ይጨምርበታል። የ11 ዓመቷ ልጅ 18 ሞልቷት ትታያለች፤ እርዳታው በ18 የሚቆም ከሆነም ስሟ ከዝርዝሩ ይወጣል። ስለዚህ ቀን፣ ወርና ዓመት በ3 የቁጥር መስኮች ተለይተው ይቀመጡ፤ ወሩ ከ1 እስከ 13፣ ቀኑ ከ1 እስከ 30፣ በጳጉሜን ከ6 እንዳይበልጥ ይወሰን። ዕድሜ ራሱ አይጻፍ፤ ከልደት ዓመቱና ከዘንድሮው የእኛ ዓመት ይሰላ። በአገር አቀፍ ደረጃ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በመሆኑ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙዎች ምስክር ወረቀት የላቸውም። ቀንና ወሩ ባዶ እንዲተው፣ ዓመቱም «በግምት» ተብሎ እንዲመለከት መፍቀድ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ መዝጋቢው መስኩን ለመሙላት ሲል መስከረም 1ን ይጽፋል።

ቅጹን ስናዘጋጅ የመስኮቹ ቅደም ተከተል ከወረቀቱ ቅጽ ጋር አንድ ይሁን፤ ዓይን ከወረቀት ወደ መስኮት ሲመላለስ መስመር የሚስተው ሲለያዩ ነው። ከላይ የልጁ ቅጽ፣ ከሥሩ የክፍያዎቹ ንዑስ ቅጽ ይቀመጣል፤ ሁለቱም በልጁ መለያ ስለሚያያዙ አንዱን ልጅ ስንከፍት የእርሱ ክፍያ ብቻ ይታያል። ቀበሌና የክፍያ ቦታ በእጅ ከሚጻፉ ይልቅ ከተቆልቋይ ዝርዝር ይመረጡ፤ አለበለዚያ «ባሕር ዳር»፣ «ባህር ዳር» እና «ባህርዳር» 3 ከተሞች ይሆናሉ። አባት ከዝርዝሩ ሲመረጥም የአያቱ ስም አብሮ ይታይ። አክሰስ አንዱን ረድፍ ጨርሰን ወደ ሌላው ስንሻገር ራሱ ስለሚያስቀምጥ መብራት ቢጠፋ የምናጣው አብዛኛውን ጊዜ በእጃችን ያለውን ረድፍ ብቻ ነው፤ መጠባበቂያ ቅጂ ግን በየሳምንቱ በሌላ ዕቃ ላይ ይወሰድ።

እውነተኛው መዝገብ ከመግባቱ በፊት 10 ልጆችን ለሙከራ አስገቡ። ከእነርሱ መካከል በእናት የሚለያዩ ወንድማማቾች፣ ስማቸው የተመሳሰለ 2 ልጆች፣ በጳጉሜን የተወለደ አንድ፣ የልደት ቀኑ የማይታወቅ አንድ፣ ከጎርጎራ ወደ ባሕር ዳር ተዛውሮ አሳዳጊው የተለወጠ አንድ ይኑሩ። ከዚያም የዚህን የመጨረሻውን ልጅ የመጀመሪያ አሳዳጊ ለመሰረዝ ሞክሩ፤ ፕሮግራሙ እንቢ ካላችሁ ዝምድናው በትክክል ተሠርቷል።