የሪህ ክኒን እንዴት ይሠራል?

ጅግጅጋ ላይ ሻይ ሲጠጣ በስኳር አይቀለድም። ስኳሩ በመጀመሪያ ይሟሟል፤ ሻዩ ከሚችለው በላይ ሲጨመርበት ግን የተረፈው ከብርጭቆው ሥር ይዘቅጣል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይብሳል። የሪህም ነገር እንዲሁ ነው።

ፒዩሪን የሚባለው ንጥረ ነገር በሰውነታችን ሲፈራርስ ዩሪክ አሲድ ይሆናል። ፒዩሪን ከራሳችን ሕዋሳትም ከምግብም ይገኛል፤ ቁርስ ላይ በላሆህ የሚበላው ጉበት በብዛት አለው። ዩሪክ አሲዱን በዋናነት ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል። በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ከ6.8 ሚሊግራም ገደማ ካለፈ ግን እንደ መርፌ የሾለ ክሪስታል ሆኖ መገጣጠሚያ ውስጥ ሊዘቅጥ ይችላል። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ስለሚስማማው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእግር አውራ ጣት ነው። ሌሊት ላይ ጣቱ ይቀላል፣ ያብጣል፤ አንሶላ ሲነካው እንኳ ያስጮኻል።

የሪህ ክኒኑ አሎፑሪኖል የሕመም ማስታገሻ አይደለም። ዩሪክ አሲድ የሚሠራውን ኢንዛይም ይይዘዋል፤ ደሙ ሲቀልለት የዘቀጠው ቀስ በቀስ ተመልሶ ይሟሟል። ከ1966 ጀምሮ ያለ መድኃኒት ነው፤ ከሠሩት መካከል ገርትሩድ ኤልየን እና ጆርጅ ሂቺንግስ በ1988 ኖቤል ተሸልመዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቶጎ ውጫሌ እየተመላለሱ የሚነግዱ አዛውንት ጎረቤቴ ክኒኑን በጀመሩ በሦስተኛው ሳምንት ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ሕመሙ ተነሳባቸው። «መድኃኒቱ ነው ያባሰብኝ» ብለው ተዉት። «አደር» አልኳቸው፤ እዚህ ትልቅ ሰው እንዲህ ይጠራል። «ተባብሶ አይደለም፤ የከረመው ዝቃጭ እየፈረሰ ነው።» ክሪስታሉ ሲነቃነቅ ሰውነት እንደገና ይቆጣል። ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ በቀን ከ100 ሚሊግራም ባልበለጠ ጀምሮ በየጥቂት ሳምንቱ የሚጨምረውም ለዚህ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ 3 እስከ 6 ወራትም ኮልቺሲን የመሰለ መከላከያ በትንሽ መጠን ይታዘዛል። ክኒኑን ጀምረው ሳለ ሕመሙ ቢነሳ ማቋረጥ አያስፈልግም።

ማቆም የሚገባው ቆዳ ላይ ሽፍታ ሲወጣ፣ ትኩሳት ወይም የአፍ ቁስል ሲመጣ ነው፤ ያኔ ክኒኑን ትቶ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ብዙ ባይሆንም የሚገድል አለርጂ አለ። የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ለደም ግፊት የሚያሸና ክኒን ወይም አዛቲዮፕሪን የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ይናገር። ሕመሙ በተነሳ ቁጥር ዲክሎፌናክ እየገዙ መዋጥ ግን ያሳስበኛል፤ ዝቃጩን አይነካውም፣ ኩላሊትን ይጎዳል።

በረመዳን የሚጨነቁ አሉ። አሎፑሪኖል አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ ስለሚወሰድ ከማፍጠሪያ ምግብ በኋላ ሊዋጥ ይችላል፤ ሌሊቱን ውኃ በደንብ መጠጣት ነው። ለስላሳ መጠጥ ዩሪክ አሲድን ስለሚጨምር ቢቀር ይሻላል።

እኛ የመገጣጠሚያ ሕመምን ሁሉ ሪህ እንላለን፤ ስለዚህ ሐኪም ሳያረጋግጥ የጎረቤት ክኒን አይውሰዱ። ሕመሙ ጠፋ ማለትም ዝቃጩ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ክኒኑ ለዓመታት የሚወሰድ ነው። ደምዎን ሲመረመሩ የዩሪክ አሲዱን ቁጥር ይጠይቁ። ከ6 በታች ካልወረደ መጠኑ እንዲስተካከልልዎ ለሐኪምዎ ይንገሩ።