አምስት ቃል ይበቃል

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በስልካችሁ ኮርስ ጀምራችሁ መሐል ላይ የተዋችሁበት ጊዜ የለም? ያን ጊዜ ማንን ወቀሳችሁ? ብዙዎቻችን «እኔ ሰነፍ ነኝ፤ አይገባኝም» ብለን ራሳችንን እንወቅሳለን። ዛሬ ግን ስለ አዘጋጁ ጥፋት ልነግራችሁ እወዳለሁ፤ ጥፋተኛዋ አዘጋጅ እኔ ነበርኩና።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉና መሰብሰብ ሲከለከል፣ በአምቦና በዙሪያዋ ላሉ የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎች በቴሌግራም ኮርስ ማዘጋጀት ጀመርኩ። የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ደብተሮቼን አውጥቼ ያለኝን ሁሉ ጨመርኩበት። የአርባ ደቂቃ ቪዲዮ፣ ከሥሩ መዝሙር፣ በየገጹ አበባና ርግብ፣ ለአንድ ትምህርት ሦስት ፋይል! ባለቤቴ አይቶ «ግሩም ነው» አለኝ፤ እኔም ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ከጉደር አንዲት እህት ደወለችልኝ። ለዓመታት ልጆችን በታማኝነት ያስተማረች ናት። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ትምህርቱ አልገባኝም። ከእንግዲህ ልጆቹንም ባላስተምር ይሻላል። ባለቤቴም ‹ለማይገባሽ ነገር የካርድ ገንዘብ ለምን ታባክኛለሽ?› ብሎ ተቆጣኝ» አለችኝ። እኔ ባዘጋጀሁት ትምህርት አንዲት አስተማሪ አገልግሎቷን ልትተው፣ አንድ ቤት ውስጥም ጠብ ሊገባ ነበር።

ያን ምሽት ርካሽ ስልክ ተውሼ የራሴን ኮርስ ከፈትኩት። ቪዲዮው አልወርድ አለ። የቤት ሥራው ከየትኛው ፋይል ውስጥ እንዳለ እኔው አዘጋጇ አጣሁት። እህታችን የማስተዋል ችግር አልነበረባትም፤ እኔ ነበርኩ መንገዱን በድንጋይ የሞላሁት።

ሪቻርድ ሜየር የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን ነገር ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፋቸው፣ ለትምህርቱ የማያስፈልግ ሥዕል፣ ሙዚቃና ሐተታ ሲወገድ ተማሪው የበለጠ እንደሚማር አስረድተዋል። አእምሯችን በአንድ ጊዜ የሚይዘው አዲስ ነገር ጥቂት ነው። በሞላ ስኒ ላይ ቡና ብትጨምሩ ረከቦቱ ላይ ይፈስሳል እንጂ ለእንግዳው አይተርፍም።

ሐዋርያው ጳውሎስስ ማንም ከማይረዳው እልፍ ቃል ይልቅ ሌሎችን የሚያስተምሩ አምስት ቃላትን እንደሚመርጥ ጽፎልን የለምን? (1ኛ ቆሮ. 14፥19) በነህምያ ዘመንም ሌዋውያን ሕጉን በማንበብ ብቻ አላበቁም፤ ሕዝቡ እንዲያስተውል ትርጉሙን ገለጡለት (ነህ. 8፥8)።

ወደ ራሳችን ታሪክም ተመልከቱ። አስቴር ጋኖ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር በመሆን በ1894 እ.ኤ.አ. በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ የአፋን ኦሮሞ የንባብ መማሪያ አሳትማለች። ለዚያ መጽሐፍ ከልጅነቷ የምታስታውሳቸውን ተረቶችና የሕዝብ ዘፈኖች ሰበሰበች። ተማሪው አዲሱን ፊደል የሚለማመደው በሚያውቀው ወግ ነበር። አዲስ ነገር በአዲስ ነገር ላይ አልተደራረበበትም።

እኛም ኮርሱን እንደገና ሠራነው። ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ ዓላማ ብቻ ሰጠን። «ከዚህ በኋላ አስተማሪዋ ምን ማድረግ ትችላለች?» ብለን ጠየቅን፤ ለዚያ የማይረዳውን አወጣን። ቪዲዮው ቀርቶ ከጥቂት ሜጋባይት የማይበልጥ የአምስት ደቂቃ ድምፅ ሆነ። ቀጥሎ አንድ ገጽ ጽሑፍ፣ በመጨረሻም አንድ ጥያቄ። ይህ ቅደም ተከተል በየሳምንቱ አይለወጥም። ከባዱን ቃል በአፋን ኦሮሞም ጻፍነው። ገጹንም አተምነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ትምህርቱ ቀጠለ።

ታዲያ ማቅለል ማሳነስ እንዳይመስላችሁ። የሥላሴ ትምህርት ጥልቅ ነው፤ ጥልቀቱን ልንሰርዘው አንችልም። የምናነሳው በመንገዱ ላይ ያኖርነውን እንቅፋት ነው። ጨምሮ ማወቅ ለሚሻ ሰው ተጨማሪው ንባብ ለብቻው ይቀመጥለት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከአርባ ደቂቃ ይልቅ አምስቱን ደቂቃ ማዘጋጀት የበለጠ አደከመኝ። የሚያስፈልገውን ከማይፈልገው ለመለየት ትምህርቱን ራሴ በሚገባ ማወቅ ነበረብኝ። ያ ሁሉ ጌጥ ለካስ ለተማሪዎቹ ሳይሆን ለእኔ ክብር ነበር!

ባለትዳሮች ሆይ፣ ይህ ጉዳይ የእናንተም ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ በኢንተርኔት ኮርስ የሚማሩ በየቤታችን ብዙ ናቸው። ሚስትህ ወይም ባልሽ «አልገባኝም» ሲሉ አትፍረዱ። አብራችሁ ተቀመጡና «ከባዱ ትምህርቱ ነው ወይስ አቀራረቡ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከትምህርቱ አንዱን ቁም ነገር ለዩ፤ እርሱን ብቻ ዛሬ ጨርሱ፤ ሌላው ለነገ ይደር።

የጉደሯ እህት ኮርሱን ጨረሰች። ባሏም ማታ ማታ ድምፁን አብሯት ይሰማ እንደነበር ነገረችኝ። ዛሬም ልጆችን ታስተምራለች። እናንተም ለሌላው የምታስተምሩት ነገር ካለ፣ ዛሬ አንድ ትርፍ ነገር አውጡለት። ጌታ ማስተዋልን ይስጣችሁ።