ካርዱ የማይዘጋ በሽታ
የሳንባ ካንሰር ታካሚ ከጥቁር አንበሳ ወደ ደንዲ ሲመለስ

አማርኛ «ነቀርሳ»ን ለሁለት በሽታ ሲጠቀምበት ኖሯል። የማህፀን ነቀርሳ ካንሰር ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ ግን ቲቢ። የቃሉ መደባለቅ በክትትል ላይም ጥላውን ያጠላል። የተለመደው ቲቢ ስድስት ወር መድኃኒት ተወስዶ፣ አክታ ተመርምሮ ይዘጋል። የሳንባ ካንሰር ካርድ አይዘጋም።

ዕጢው ተቆርጦ ቢወጣም በሽታው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ከሚመለሰው አብዛኛው የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። ስለዚህ ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት በየስድስት ወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ የደረት ሲቲ ስካን ያዛሉ።

ይህ ቀጠሮ በምዕራብ ሸዋ የደንዲ ወረዳ ከተማ ወደሆነችው ጊንጪ ሲደርስ መልኩ ይለወጣል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፤ ከገጠር ቀበሌ የሚነሳ ሰው ግን ጊንጪ እስኪገባ ብቻ ግማሽ ቀኑ ሊያልፍ ይችላል። አስታማሚ ይዞ ይሄዳል፤ ማደሪያም ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1997 በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጀመረው የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ነበር። ዛሬ ጅማን ጨምሮ ሌሎች ከተሞችም ማሽን አላቸው፤ ለምዕራብ ሸዋ ሰው ግን መንገዱ አሁንም ወደ አዲስ አበባ ይመራል።

እዚህ ላይ አንድ የፈረንሳይ ጥናት መጥቀስ ይገባል። ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 1,775 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ በሲቲ ስካን፣ ግማሾቹ በተራ ራጅ ሲከታተሉ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ውጤት በዕድሜያቸው ርዝመት ላይ ጉልህ ልዩነት አላሳየም። ሲቲ ስካን ይቅር ማለት አይደለም፤ ማሽኑ ካጠገቡ የሌለ ሐኪምም ብዙ የሚሠራው አለው ማለት ነው።

ለምሳሌ ጨረር የሚያስከትለው የሳንባ ብግነት አለ። ብዙውን ጊዜ ሕክምናው ካለቀ ከአንድ እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ደረቅ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ አንዳንዴም ትኩሳት ይዞ ይመጣል። ታካሚው የሚሮጠው በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው። ሳል ሲባል ሳንባ ምች ወይም ቲቢ ቢታሰብ አይፈረድም። ብግነቱ ግን ለአንቲባዮቲክ አይበገርም፤ የሚያስፈልገው ስቴሮይድ ነው። ጨረሩ መቼ እንዳለቀ የሚናገር አንድ መስመር ጽሑፍ በታካሚው እጅ ቢኖር ሐኪሙን ከስህተት ያድናል። ታካሚው የሚናገረው አፋን ኦሮሞ፣ ካርዱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ሲሆን ደግሞ ወረቀቱ ከቃል ማስረዳት ይበልጣል።

ሲስፕላቲን የተባለውን የኬሞቴራፒ መድኃኒት የወሰደ ሰው ጆሮው ሊከብድ፣ እግሩ ሊደነዝዝ፣ ኩላሊቱ ሊደክም ይችላል። ለኩላሊቱ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። የቀረውን ለማወቅ ግን ጠይቆ ማዳመጥ ጥሩ መነሻ ነው።

የደንዲ ሐይቅ ዙሪያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያልፋል፤ የኦክስጅኑ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሰባ በመቶ ገደማ ነው። የሳንባው ክፍል የተቆረጠለት ገበሬ ዳገት ላይ ቢያርፍ ሰነፍ ሊመስል ይችላል። ቀስ በቀስ እርምጃ መጨመርና የትንፋሽ ልምምድ ማድረግ ይረዳዋል፤ ይህ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ አያስኬድም።

ማጨስ ማቆም እንዳለበትማ ሁሉም ይነግረዋል። እንጀራ የምትጋግር፣ ሲጋራ በአፏ ዞሮ የማያውቅ ሴት ታካሚ ግን የምትመለሰው ወደዚያው የማድ ቤት ጭስ ነው። ስለ ማድ ቤቱ መስኮት፣ ስለ ምድጃውና ስለ ማገዶው የሚጠይቃት ማን ነው? ደጇ ድረስ የምትመጣው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለዚህ ጥያቄ ከስፔሻሊስቱ ትቀርባለች።