ሪሞቱ በእጃቸው ያልሆነ ተመልካቾች

ቅዳሜና እሁድ ለእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ አፍቃሪ የኳስ ቀን ነው። ዘመዱ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ለገባበት ሰው ደግሞ ለዓመታት የጥየቃ ቀን ሆኖ ኖሯል። ስንቁን በፌስታል አንጠልጥሎ፣ ታክሲ ቀያይሮ፣ ሰልፉንና ፍተሻውን አልፎ የገባ ጠያቂ ከአጥሩ ማዶ ካለው ወዳጁ ጋር የሚያወራበት ደቂቃ ጥቂት ነው። ስለ ጤና ይወራል፣ ስለ ቀጠሮ ይወራል፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው ይባላል። ታሳሪው ኳስ ወዳድ ከሆነ ግን አንድ ጥያቄ አይቀርም፤ “ስንት ለስንት ወጡ?”

ውጪ ያለው የኳስ ቤተሰብ ይህን ጥያቄ ከረሳው ቆይቷል። ማን ስንት ለስንት እንደወጣ ጨዋታው ሳያልቅ ስልኩ ላይ ይደርሰዋል። የኳስ ተመልካች እንዴት እንደተለወጠ ማየት የፈለገ ሰው ታዲያ ከዲኤስቲቪ ቤቶች ይልቅ ወደ ከተማዋ ደቡብ ጠርዝ ወርዶ ቃሊቲን ቢያስብ ይሻለዋል። ምክንያቱም እዚያ ተመልካቹ ብዙ አልተለወጠም። ቴሌቪዥን አለ፤ ሪሞቱ ግን በተመልካቹ እጅ አይደለም። ከቃሊቲ የወጡ ጋዜጠኞችና ፖለቲከኞች ስለ እስር ሕይወታቸው ሲያወሩ ደጋግመው የሚያነሱት ነገር ይሄ ነው፤ የሚታየው የመንግሥቱ ጣቢያ ነው። ኢቲቪ ያስተላለፈው ጨዋታ ይታያል፣ ያላስተላለፈው አልተካሄደም ማለት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳችው ጥር 13 ቀን 1954 ነው። ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረታ። ያን ቀን ስታዲየም ያልገባ ሰው ጨዋታውን በቴሌቪዥን የሚያይበት መንገድ አልነበረውም፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ነውና። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ቴሌቪዥን ማለት አንድ ጣቢያ ነበር። ሀብታሙም ድሃው፣ ቤቱ ያለውም የታሰረውም እኩል ነበሩ። የዓለም ዋንጫ ሲመጣ ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ይሞላል፣ የሌለው በር ላይ ቆሞ ያያል። ማንም ከማንም የተሻለ ሪሞት አልነበረውም።

እኩልነቱን ያፈረሰው ዲሹ ነው። ዲኤስቲቪ በየሰፈሩ ሲገባ፣ ከቆርቆሮና ከአጠና የተሠሩ ቤቶች አግዳሚ ደርድረው፣ የዕለቱን ጨዋታ በር ላይ ባለ ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ ጽፈው፣ በጥቂት ብር ሰው ማስገባት ጀመሩ። የአርሴናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ለሁለት ተከፍሎ እየተበሻሸቀ የሚያይበት፣ መብራት ሲሄድ ጩኸቱ ሰፈሩን የሚያናውጥበት ዘመን መጣ። እነ ቬንገር በ1996 ያለ ሽንፈት ዋንጫ ሲያነሱ ብዙ የአዲስ አበባ ልጅ ሃይበሪን ከሚስማር ተራ በላይ ያውቀው ነበር። ካታንጋና ከማን አንሼ እየሳሱ፣ የዲኤስቲቪ ቤቱ አግዳሚ ግን እየጠበበ ሄደ። የአገር ውስጥ ሊግ ተቆርቋሪዎች በዚህ ብዙ አልቅሰዋል፤ ማልቀሳቸውም ልክ ነበር።

ለነገሩ ውጪ ያለውም ተመልካች ሙሉ በሙሉ የሪሞቱ ጌታ አይደለም። ጂቲቪ የተባለው ድርጅት በአፍሪካ የፕሪምየር ሊጉን አብዛኛውን ጨዋታ ከዲኤስቲቪ ነጥቆ ገዝቶ፣ ዕቃውን ሸጦ፣ ጥር 2001 ላይ በአንድ ቀን ዘግቶ ሲሄድ ደንበኛው ባዶ ስክሪን ታቅፎ ቀርቷል። ግን ቢያንስ አማራጭ ነበረው። እዚህ ቤት ቢከፋው እዚያ ቤት ይሄዳል።

የቃሊቲው ተመልካች ይህን ሁሉ ለውጥ የሚሰማው በወሬ ነው። ታሪኩ ደግሞ የራሱ ምፀት አለው። ድሮ “ዓለም በቃኝ” ይባል የነበረው ከርቸሌ ከአዲስ አበባ ስታዲየም ብዙም የማይርቅ ነበር። ከርቸሌ ተዘግቶ እስረኛው ወደ ቃሊቲ ተዛወረ፤ ቦታው ላይም ጥር 2004 የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆመ። የከተማው እስረኛ ከስታዲየሙ ጎረቤትነት እንኳ ወጣ ማለት ነው። ቃሊቲ በስምንት ዞን የተከፈለ ነበር። “ዞን ዘጠኝ” የሚለው የጦማሪዎቹ ስምም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ዘጠነኛው ዞን ከአጥሩ ውጪ ያለነው ነን ለማለት።

የስፖርት ገጽ አንባቢ “ማረሚያ” የሚለውን ስም ቀድሞ የሚያውቀው በሌላ ነገር መሆኑም አይረሳ። ደራርቱ ቱሉም ጥሩነሽ ዲባባም ለማረሚያ ቤቶች ክለብ ሮጠዋል። በነሐሴ 2000 ጥሩነሽ ቤጂንግ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ስትወስድ፣ ቀነኒሳም እንደዚሁ ሁለቱንም ሲጠቀልል፣ ለቀነኒሳ ያዜመለት ቴዲ አፍሮ ቃሊቲ ውስጥ ነበር። የተፈታው በዓመቱ፣ ነሐሴ 2001 ነው።

ወደ ኳሱ እንመለስ። በቃሊቲ ያለ ተመልካች ከውጪው ጋር እኩል የሚሆንባቸው ቀናት አሉ፤ እነዚህም የዓለም ዋንጫና የዋልያዎቹ ቀናት ናቸው። ሐምሌ 2 ቀን 1998 በርሊን ላይ ዚዳን ማቴራዚን በቴስታ መትቶ ቀይ ካርድ ሲያይ፣ ጣሊያንም ፈረንሳይን በፍፁም ቅጣት ምት ረትታ ዋንጫውን ስትወስድ፣ የቅንጅት አመራሮች ገና እስር ላይ ነበሩ፤ የተፈቱት ከዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 13 ቀን 1999 ነው። የዓለም ዋንጫን ለማየት ያኔ ዲኤስቲቪ አያስፈልግም። ኢቲቪ ያሳያል። ቦሌ ሆቴል ውስጥ ያለው ሰውና ከአጥሩ ውስጥ ያለው ሰው የሚያዩት አንድ ምስል ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን 2005 ነው። ዋልያዎቹ ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈው ተመለሱ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አንድ አንድ አግብተው 2 ለ 0፤ በድምሩ 5 ለ 5፤ ከሜዳ ውጪ በገቡት ሦስት ጎሎች ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ። ያን ምሽት በከተማው ያበደው ሕዝብ ስንት እንደነበር የቆጠረ የለም። ቀጥሎ ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩይት፣ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር። ቀኑ ጥር 13 ነበር፤ ዋንጫው አዲስ አበባ የቀረበት ቀን፣ ልክ በ51 ዓመቱ። ሳላዲን ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ፣ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ፣ ዛምቢያ አገባች፣ አዳነ ግርማ አቻ አደረገ። 1 ለ 1። በዚያ ወቅት እስክንድር ነጋና ርዕዮት ዓለሙን ጨምሮ በርካታ ጋዜጠኞች እስር ላይ ነበሩ። ኢቲቪን የሚያይ ሁሉ፣ ሌላ ጊዜ የጣቢያውን ዜና ሲሰማ ፊቱን የሚያዞረውም ጭምር፣ በዚያ ቀን የሚያየውን ያለ ቅሬታ ያያል። ከዚያ በኋላማ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን መጣን፤ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያውም ጥቅምት 3 ቀን 2006 አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ኅዳር 7 ካላባር ላይ 2 ለ 0። ያ ቀን ግን ቀን ነበር።

የኳስ ተመልካች ቁጥር አገራችን ውስጥ በቅጡ የሚቆጠር ነገር አይደለም። አሜሪካኖች ግን በእጅ ይዘውት የሚሮጡትን የራሳቸውን “ፉትቦል”፣ ያውም የኮሌጅ ተማሪዎች የሚጫወቱትን፣ በሚሊዮን ይቆጥሩታል። እ.ኤ.አ. ጥር 2024 ሚሺጋንና ዋሽንግተን የተገናኙበትን የኮሌጆች ፍፃሜ 25 ሚሊዮን ያህል ሰው አየው፤ በዓመቱ ኦሃዮ ስቴትና ኖትር ዳም ሲገናኙ ወደ 22 ሚሊዮን ወረደ ብለው ጋዜጦቻቸው ተጨነቁ። ቆጣሪው ኒልሰን የሚባል ድርጅት ነው። ከቤቱ ርቆ የሚኖረውን ተማሪ እንኳ ቆጠራው ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነበር፤ መጠጥ ቤት የሚያየውም ቆይቶ ተጨመረ። እስር ቤት ያለው ግን እዚያም የለበትም። ነገሩ ግልጽ ነው፤ የሚቆጠረው ማስታወቂያ አይቶ ዕቃ የሚገዛ ሰው ነው። የታሰረ ሰው ቢራውንም መኪናውንም አይገዛም።

እኛ አገርም ገንዘቡ ወደ ኳሱ ሲመጣ የሆነው ከዚህ አይርቅም። የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ከ2013 የውድድር ዘመን ጀምሮ ለአምስት ዓመት፣ ከ22 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ስምምነት ለዲኤስቲቪ ተሸጠ። ክለቦቹ ደስ አላቸው፤ ደስ ቢላቸውም አይፈረድባቸውም፤ ኪሳቸው ባዶ ነበር። ጨዋታዎቹ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ እየዞሩ በጥራት ተቀረፁ፣ ፋሲል ከነማም የዚያን ዓመት ዋንጫ በቀጥታ ሥርጭት ዘመን አነሳ። ቆይቶም የእንግሊዙ ሊግ ራሱ በአማርኛ ኮሜንታሪ ይሰማ ጀመር። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ሒሳቡን የከፈለ ሰው ከቤቱ ሆኖ ጊዮርጊስንም ቡናንም ያይ ነበር። ሒሳብ መክፈል የማይችለውና ሪሞት የሌለው ግን፣ በአንድ ወቅት ሰፈሩ ያለ ክለብ የሚጫወተውን ጨዋታ ለማየት እንኳ ከማንቸስተር ደርቢ እኩል ራቀው። ድሮ የጠፋበት የባዕድ አገር ሊግ ነበር፤ ያኔ የገዛ አገሩ ሊግ ተጨመረበት።

ደግሞ ሌላው ነገር መጣ። ካፍ የኢትዮጵያ ስታዲየሞች ደረጃቸውን አላሟሉም ብሎ ሲያግድ ዋልያዎቹ “የሜዳቸውን” ጨዋታ ሰው አገር ማድረግ ግድ ሆነባቸው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን ያስተናገዱት ማላዊ፣ ሊሎንግዌ፣ ቢንጉ ስታዲየም ላይ ነው። ሳላህ ባይሰለፍም ግብፅ ግብፅ ናት፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አስቆጠሩባት፣ 2 ለ 0። ግብፅን እንዲህ ስንረታ ስታዲየሙ አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ከተማዋ ምን ትሆን እንደነበር የ2005ን ጥቅምት ያየ ያውቀዋል።

ያን ቀን ግን ካታንጋ የሚገባ ሰው የለም። የአዲስ አበባ ደጋፊ፣ ጥላ ፎቅ የሚቀመጠውም ሚስማር ተራ የሚጋፋውም፣ ለገዛ አገሩ ቡድን “የሜዳ” ጨዋታ ስክሪን ላይ ብቻ ቀረ። በዚህ በኩል ቦሌና ቃሊቲ ተገናኙ ማለት ይቻላል። ልዩነቱ፣ ቦሌ ያለው አንዱ ጣቢያ ባያሳየው ሌላ ይፈልጋል፣ ያም ባይሆን ስልኩን ያወጣል፣ ጎሉን አምስቴ ደጋግሞ ያያል። ቃሊቲ ያለው ጣቢያው ካላሳየው ውጤቱን በዜና ይሰማል፤ ጎሉ በግራ እግር ይሁን በቀኝ፣ ማን አቀበለ፣ በረኛው ምን ነካው የሚለውን የሚነግረው ጠያቂው ነው።

ጨዋታው የተካሄደው ሐሙስ ነበር። ጠያቂ የሚመጣው ቅዳሜ።